በፊቱና በገበሩ መካከል

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ብርድ ልብስ ነው። አሜሪካኖች ኩዊልት ይሉታል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ በእጅ የሚሰፋ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚወርድ ልብስ ነው። ላዩ ፊት፣ ታቹ ገበር፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ሙሌት አለው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ፊቱን ነው፤ ቀለሙን፣ አቆራረጡን፣ አገጣጠሙን። ሙሌቱን ማንም አያየውም። ሆኖም ሰውን የሚያሞቀው እሱ ነው፤ መርፌዋ በቀላሉ ትግባ አትግባ፣ ስፌቱ ይራራቅ ይቀራረብ፣ ልብሱ ከመቶ እጥበት በኋላ ምን ይምሰል፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። የዛሬው ወጌ የዚህ የማይታየው ነገር ወግ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እናገራለሁ።

አላባማ በምትባለው ግዛት፣ ዊልኮክስ በሚባለው አውራጃ፣ አንድ ወንዝ ተጠማዝዞ ይዞርና ሦስት ጎኑን ውሃ የከበበው መሬት ይተዋል። ጂስ ቤንድ ይባላል። በ1816 ጆሴፍ ጊ የሚባል ሰው ባሪያዎቹን ይዞ መጣና የጥጥ እርሻ አቆመ፤ መንደሩም በስሙ ተጠራ። በ1845 እርሻው ከነሰዎቹ ማርክ ፔትዌይ ለሚባል ባለርስት ተላለፈ። ዛሬም ከመንደሩ ሰው ብዙው ፔትዌይ ነው የሚባለው። አያቶቻቸውን እንደ ከብት የገዛው ሰው ስም ነው እንግዲህ የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረው።

ባርነቱ በሕግ ቀረ። ሰዎቹ ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውምና እዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኑ። የሚዘሩት ጥጥ፣ የሚኮተኩቱት ጥጥ፣ የሚለቅሙት ጥጥ። ከነጋዴ በዱቤ ይበላሉ፣ በመከር ይከፍላሉ፣ ዕዳው ግን አያልቅም። በ1932 አበዳሪው ነጋዴ ሞተ። ወራሾቹ ዕዳውን ባንድ ጊዜ ሊሰበስቡ ሰው ላኩ። የመጡትም ከብቱን፣ የእርሻ መሣሪያውን፣ ለክረምት የተከማቸውን እህል ሳይቀር ጠርገው ወሰዱ። መንደሩ ያንን ክረምት የተሻገረው በቀይ መስቀል እርዳታ ጭምር ነው።

ቤቶቹ የግንድ ጎጆዎች ነበሩ። ነፋስ በስንጥቁ እንዳይገባ ሴቶቹ ግድግዳውን በጋዜጣና በመጽሔት ወረቀት ይለጥፉታል። እሳቱ ሌሊት ሲከስም በጋዜጣና በልጅ መካከል የሚቆመው ኩዊልቱ ብቻ ነው። አንዱ አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱን ደርበው ይተኛሉ፣ ከስርም ያነጥፋሉ።

አሁን ሙሌቱ ከየት ይመጣል በሉኝ። ደህናው ጥጥ ለዕዳ ይሄዳል። ለሴቶቹ የሚቀረው ከመዳመጫው ወለል ላይ የሚጠረገው ነው፤ አፈር የነካው፣ የቅጠል ስባሪ ያለበት፣ የተጓጎለ ጥጥ። እሱን ጠርገው ቤት ያመጡና ይዘረጉታል፣ በዱላም ይመቱታል። ሲመታ አቧራው ይወጣል፣ ጓሉ ይፈታል፣ ጥጡ ቀስ በቀስ ይነፋል። እኛ አገር ነዳፊው በደጋኑ ጅማት የሚሠራውን እነሱ በዱላ ይሠሩታል፤ ባዘቶ ሲወጣ ያየ ሰው ያንን ግቢ በዓይነ ሕሊናው ማየት አይቸግረውም። ከዚያ ገበሩን በእንጨት ወጣሪ ላይ ይወጥሩታል። ጥጡን በእጃቸው እየበተኑ ያለብሱታል፤ አንዱ ጋ እንዳይወፍር፣ አንዱ ጋ እንዳይሳሳ በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ፊቱን ከላይ ያለብሱና ዙሪያውን ከበው ይቀመጣሉ። መርፌው ይጀመራል፤ መዝሙሩም አብሮ።

ልብ በሉ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእጅ የተበተነ ጥጥን በቦታው የሚይዘው ነገር የለም። ሙጫ የለበትም፣ እርስ በርሱ አልተቆላለፈም። ስፌቱን አራርቃችሁ ሰፍታችሁት አንድ ጊዜ ብታጥቡት ወደ ጥግ ይሸሻል፣ ይጓጉላል፣ መሃሉ ባዶ ጨርቅ ይቀራል። ስለዚህ ስፌቱ ከስፌት አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መራቅ አለበት። በአሜሪካ ደቡብ በብዙ አሮጌ ኩዊልቶች ላይ የሚታየው በቅስት ላይ ቅስት የሚደራረብ ስፌትም ከሥራው የመጣ ነው፤ ሰፊዋ ወጣሪው ዳር ተቀምጣ ክርኗን እንደተከለች እጇ በሚደርስበት ልክ ትሰፋለች፣ ቅስቱ ከክንዷ ይወጣል፣ ቀጣዩም ከሥሩ ይከተላል። ማስጌጫ ይመስላል። ጥጡን ያሰረው ግን እሱ ነው። ስለ ኩዊልት ውበት የሚጻፈው ብዙ ጽሑፍ ይህን ዘሎ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ከዚያ መንደር ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተ። በ1942 የሥራ ልብሱን፣ ሱሪዎቹንና ሸሚዞቹን ቆራረጠችና ኩዊልት ሰፋች፤ እንድታስታውሰው፣ ከሥሩም ገብታ በፍቅሩ እንድትሸፈን ብላ መሥራቷን ልጇ አርሎንዚያ ኋላ ተናግራለች። ጉልበቱ ላይ የነጣው፣ ኪሱ ከተነሳበት ቦታ ጥቁር ሆኖ የቀረው ጨርቅ ዛሬም ይታያል። ያ ኩዊልት አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። በ2002 የመንደሩ ሴቶች ሥራ በሂውስተን ከዚያም በኒው ዮርክ ታየ፤ በ2006 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ሕዝብ ተሰልፎ አየው። ያየው ፊቱን ነው።

ወደ ጥጡ ልመለስ። ያን ሁሉ ባሪያ አላባማ ድረስ ያስነዳው አንድ ማሽን ነው። በ1793 ኢላይ ዊትኒ በጆርጂያ የጥጥ መዳመጫ መኪና ሠራ። ከዚያ በፊት የዚያ አገር አጭር ጥጥ ፍሬው ከክሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ስለሚል፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለቅሞ የሚያጠራው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነበር። መኪናው ከሃያ ኪሎ በላይ አደረሰው። ድካም የሚቀንስ መሣሪያ መስሎ ነበር፤ ጥጡ ትርፍ ሲያመጣ ግን የጥጥ መሬት ሰፋ፣ ለቃሚ ተፈለገ፣ በ1790 ሰባት መቶ ሺህ ገደማ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ አራት ሚሊዮን ተጠጋ። ስለዚህ የአሜሪካን ኩዊልት ሙሌት ታሪክ የሚያወራ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። አሮጌ ኩዊልት ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ የፍሬ ስባሪ ነው። ሻጮች ይህን አሳይተው «ከመዳመጫው መኪና በፊት የተሠራ ነው» እያሉ ዋጋ ያስጨምራሉ። ሐሰት ነው። መኪናውም ስባሪ ያስቀራል፤ ርካሹ ጥጥ ከመቶ ዓመት በኋላም ነጠብጣብ ነበረበት። ነጠብጣቡ የሚናገረው የጥጡን ደረጃ እንጂ ዕድሜውን አይደለም።

በ1846 ሲንሲናቲ ከተማ አጠገብ ስተርንስ ኤንድ ፎስተር የሚባል ኩባንያ ተቋቋመና የተነደፈ ጥጥ በአንሶላ መልክ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። ላዩን በስስ የስታርች ልባስ ስለሚያስሩት ተጠቅልሎ ሲፈታ አይበታተንም። በኋላ ማውንቴን ሚስት በሚል ስም አገር ያወቀው ጥጥ ይህ ነው፤ በመጠቅለያው ወረቀት ላይ የኩዊልት ንድፍ እየታተመ ስለሚወጣም ሴቶች ወረቀቱን አይጥሉትም ነበር። ገንዘብ ያላት ከሱቅ ገዛች። በጂስ ቤንድ ግን ዱላው አልቆመም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖሊስተር መጣ። ቀላል፣ ርካሽ፣ ሲታጠብ የማይጓጉል፣ የማይሸሽ፣ ቶሎ የሚደርቅ። ስፌቱን ብታራርቁትም ግድ የለውም። ብዙ ሴቶች እፎይ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ከጊዜ በኋላ ጉዱ ታየ። ደካማ ፖሊስተር ክሮቹ በጨርቁ ቀዳዳ እየሾለኩ ይወጣሉ፤ ሰፊዎቹ «ፂም አወጣ» ይሉታል። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነጭ ፂም ሲበቅል የወራት ሥራ ይበላሻል። ደግሞ ላብ አይመጥጥም። እሳት ሲነካውም ይቀልጣል፤ ለሕፃን የምትሰፉ ከሆነ ይህ ብቻውን ሊያስተዋችሁ ይገባል።

እሺ፣ ዛሬ ሱቅ የምትገባዋ ምን ትግዛ? መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ስፌቱ ምን ያህል መራራቅ እንደሚችል የተጻፈውን ታንብብ። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚልም አለ፣ ሃያ አምስት የሚልም አለ። ልዩነቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። አንዳንዱ ጥጥ በሺህ መርፌ ተወግቶ እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ ተደርጓል፤ አንዳንዱ ደግሞ በላዩ ስስ መረብ ተደርጎበታል። መረቡ ያጠነክረዋል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ወይም በመኪና ለሚሰፋ ግሩም ነው። ለእጅ ግን ጠላት ነው። መርፌዋ መረቡ ላይ ስትደርስ ትያዛለች፣ ሰፊዋ መግፋት ትጀምራለች፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አውራ ጣት ይደነዝዛል። በእጅ የምትሰፉ መረብ ያለበትን አትግዙ፤ በዚህ ላይ ማመንታት የለኝም።

በጥጥ ሙሌት ላይ የምትሰፋ ሴት መርፌዋን ቀጥ አድርጋ ትተክላለች፣ ጫፉ ከገበሩ ሥር ያለውን ጣቷን ሲነካ መልሳ ወደ ላይ ታቀናዋለች፣ እንዲህ እያወዛወዘች ሦስት አራት ስፌት በመርፌዋ ላይ ሰብስባ ባንዴ ክሩን ትስባለች። ሙሌቱ ስስ ከሆነ በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ስፌት ማስገባት የምትችል አለች። ወፍራም ከሆነ የዚያችኑ ሴት እጅ ግማሹ ያቅተዋል። ስለዚህ ስፌቴ ለምን አላማረም ብላ የምታዝን ጀማሪ ካወቃችሁ፣ ጥፋቱን ከጣቷ በፊት በሙሌቱ ውስጥ ፈልጉ።

ጥጥ ሲታጠብ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ያህል ይሰበሰባል። ሁለት ሜትር ልብስ ላይ እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጨርቁ ከሱ ጋር ሲሰበሰብ አሮጌ ኩዊልቶች ላይ የምንወደው ሽብሽብ ይመጣል። ያንን የማትወድ ጥጡንም ጨርቁንም አስቀድማ ታጥባለች፤ ሙሌቱ ውሃ ይችል እንደሆነ ግን ማሸጊያውን ትጠይቅ። ነጭ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ያልነጣውን ጥጥ ተጠንቀቁ፤ የፍሬው ስባሪ በነጩ ውስጥ አልፎ ይታያል። ለጥቁር ጨርቅ ጥቁር ሙሌት ይሸጣል። ሰማንያ እጁ ጥጥ፣ ሃያው ፖሊስተር የሆነው ድብልቅ ለአዘቦት አልጋ የሚበቃ፣ መሃለኛ ነገር ነው፤ ብዙ አላወራለትም።

የእኔ ምርጫ ሱፍ ነው። ውድ ነው፣ ብል ይወደዋል፣ ሙቅ ውሃ ይጠላል። ግን መርፌ እንደሱ የሚቀበል የለም። ሳይከብድ ያሞቃል፣ የሰውነትን እርጥበት ይመጥጣል፣ ታጥፎ ዓመት ከርሞ ሲዘረጋም የታጠፈበት መስመር አይቀርበትም፤ ጥጥ ግን እጥፋቱን ይይዛል። የጎንደርን ወይም የደብረ ብርሃንን ሌሊት የምታውቅ፣ አሁን ሚኒሶታ በረዶ ውስጥ የምትኖር እናት ለልጇ አንድ ኩዊልት ልስፋ ብትለኝ ሱፍ ነው የምላት። ቴክሳስ ሙቀት ውስጥ ላለችው ስስ ጥጥ። ሕፃን በየቀኑ ለሚያቆሽሸው ልብስ ደግሞ እጥበት የለመደ ጥጥ፣ ስፌቱ ተቀራርቦ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታጥፎ የከረመ ሙሌት ከማሸጊያው ወጥቶ ወዲያው አይሰፋም፤ አንድ ሌሊት ተዘርግቶ ይደር፣ ይንፋ፣ እጥፋቱ ይልቀቅ። ከዚያ ገበሩን፣ ሙሌቱንና ፊቱን ደርባችሁ ከመሃል ወደ ዳር በረጃጅሙ ወስውሱት። ከዳር የጀመረ መሃሉ ላይ ያብጥበታል።

ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊትም ቁራጭ ለምኑ። በሁለት ጨርቅ መሃል አድርጋችሁ ስፉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ወደ ብርሃን ያዙና እዩት። ከተጓጎለ፣ ፂም ካወጣ ወይም መርፌያችሁን ከያዘ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን እዚያው ሱቅ ተዉት።