ድንቅነሽ ሂውስተን ደርሳ መጥታለች፣ ወገል ጤናስ?



ሰሞኑን ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ድንቅነሽን አይተዋታል?» አለችኝ። ያየሁት ቅጂዋን ነው፣ እሱንም አዲስ አበባ ሄጄ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። «ከእናንተስ ያያት አለ?» ብዬ ክፍሉን ጠየቅኩ። አንድም እጅ አልወጣም። ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ዕለቱ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣናትን ገድሏል፤ ሀገሩ በድንጋጤ ላይ ነው። በዚያች ዕለት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ አንዲት የክንድ አጥንት አዩ። ሲለቀም ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም። ፈረንጆቹ ካምፓቸው ውስጥ ይሰሙት ከነበረው የቢትልስ ዘፈን «ሉሲ» አሏት፣ እኛ «ድንቅነሽ» አልናት። ልብ በሉ፣ ሐዳር ያኔ በወሎ ሥር ነበር። ወሎ በድርቅ ባለቀበት ዘመን የተገኘች የወሎ ልጅ ናት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ከሀገር የወጣችው በሚሌኒየሙ ጊዜ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ የሄደችው ለጥናት ነው፣ ክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። በፈረንጆቹ 1978 አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የሚለው፣ የአፋርን ስም የያዘው ሳይንሳዊ መጠሪያ ወጣላት፤ በ1980 ተመለሰች።

ሁለተኛው ጉዞ ለዕይታ ነበር። ነሐሴ 25 ቀን 1999 ዓ.ም፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ 12 ቀን ሲቀረው፣ የሂውስተን የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ኤግዚቢሽኑን ከፈተ። የብራና መጻሕፍትን ጨምሮ ከመቶ በላይ ቅርሶች አብረዋት ሄደዋል። ያኔ ክርክሩ ከባድ ነበር። ስሚዝሶኒያን አላስተናግድም አለ፣ ኬንያዊው ሪቻርድ ሊኪም ተቃወመ፤ እንዲህ ያለ መተኪያ የሌለው አጥንት በጉዞ ሊጎዳ ይችላል ነው ነገሩ። በእኛ በኩል ደግሞ ሀገር ይተዋወቃል፣ ገቢም ይገኛል ተባለ። ከሂውስተን ሲያትል፣ ከዚያ ኒው ዮርክ እያለች፣ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል ሚያዝያ 23 ቀን 2005 ዓ.ም ተመለሰች። በ2017 ነሐሴ ደግሞ ከሕፃኗ ሰላም ጋር ፕራግ ለ60 ቀን ሄዳለች።

የእኛ አካባቢ ሰው ቅርስ ወጣ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ፣ በስንት ልፋት ነው የተመለሰው። ግን ስርቆትና ውሰት አንድ አይደሉም። ድንቅነሽ በውል ሄደች፣ ተቆጥራ ተመለሰች። የሂውስተን ልጅ ስላያትም አልቀናም፤ የሰው ዘር ሁሉ እናት ናት እያልን እናስተምር የለ እንዴ!

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በ1999 ከመሄዷ በፊት ዋናዋ አጽም በሀገር ቤት ለሕዝብ የታየችው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል። አምስት ኪሎ የምናየው ቅጂውን ነው። እሺ፣ ዋናው አጥንት ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ትክክል ነው። ቅጂ ግን በሣጥን ታሽጎ መኪና ላይ ይጫናል። ኤግዚቢሽን ውቅያኖስ ተሻግሮ ከተጓዘ፣ ደሴን፣ ወልድያን፣ ላሊበላን አልፎ ወገል ጤና መድረስ ለምን ያቅተዋል? ከኛ ተራራ የወጣውን ኦፓል የዓለም ሰው በጣቱ አድርጎት ይዞራል፤ ወደኛ የሚመጣ ነገር ግን ትንሽ ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲም ባህልና ቱሪዝምም ትሠራላችሁ። አንድ ቅጂ፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃናል። መንገዱን የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ያቺ ልጅ 12ኛ ክፍልን ሳትጨርስ መልስ ይዤላት ብገባ ደስ ይለኛል።