የደጫቱ ዋሻና የአዳም ዘመን

ድሬዳዋን ያቆማት የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ዓመት ከዚህ ቆላ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የደጫቱ ወንዝም ለሁለት ከፍሏት በምዕራቡ ከዚራ፥ በምሥራቁ መጋላ ተባለ። ከዚራ በመሐንዲስ ገመድ ተለክታ የተሠራች ስትሆን፥ መጋላ ግን ነጋዴ በነጋዴ ላይ እየተጨመረ የሰፋች የገበያ ሰፈር ናት። በመጋላ ቆሞ ፊቱን ወደ ደቡብ የመለሰ ሰው ደጫቱ የሚወርድበትን ተራራ ይመለከታል። በዚያ ተራራ ላይ፥ ከወንዙ ወለል 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ፈረንሳዮች በቋንቋቸው «ፖርክ ኤፒክ» ማለት ጃርት ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። ቅዱስ መጽሐፍ እንዴት ይነበባል ለሚለው ክርክር ይህ ዋሻ ያለ አፍ የሚናገር ተከራካሪ ሆኖ ኖሯል።

ዋሻውን ለሊቃውንት ያስታወቁት በ1929 ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንደኛው አንሪ ደ ሞንፍሬድ፥ በቀይ ባሕር በጀልባ ሲነግድ የኖረ፥ የጦር መሣሪያና ሐሺሽ በማሻገር ስሙ የተነሣ፥ አብደልሃይ የሚል የሙስሊም ስም የተቀበለ ሰው ነው። ሁለተኛው ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆን፥ የጥንት ምድርና የጥንት አጥንት መርማሪ ነበረ። በ1933 ደግሞ ሌላ ካህን፥ አንሪ ብረይ፥ ከፖል ቬርኔር ጋር ሆኖ ዋሻውን ቈፈረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1974 ዊልያምሰን፥ በ1975 እና በ1976 ዴዝሞንድ ክላርክ ቍፋሮውን ቀጠሉ። ከመሬቱም የተጠረበ ድንጋይ፥ የእንስሳ አጥንት፥ የሰው መንጋጋ ቍራጭ ተገኘ።

ስለ ሃይማኖት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ አማኝ በአንድ ወገን፥ ተጠራጣሪ በሌላ ወገን ቆመው የሚወራወሩበት ተደርጎ ይነገራል። ወደዚህ ዋሻ በመጀመሪያ ከገቡት መካከል ግን ሁለቱ ቅዳሴ የሚቀድሱ ካህናት ነበሩ። ይልቁንም ቴያር የመጣው ክርክሩን በገዛ ራሱ ተሸክሞ ነው። ስለ ጥንተ አብሶ፥ ማለት ከአዳም ስለ ወረደው በደል፥ ለጥቂት መምህራን ብቻ ብሎ የጻፈው ወረቀት ሮም ደርሶ ስለ ነበረ፥ ከፓሪስ መምህርነቱ ተነሥቶ በ1926 ወደ ቻይና ሄደ። ከሞንፍሬድ ጋር የተዋወቀውም በዚያው ዓመት ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በመርከብ ላይ ነው። ወደ ሐረርጌ ያመጣው የሁለቱ ወዳጅነት ነበረ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በቤተ ክርስቲያን የባሕረ ሐሳብ ቍጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ዛሬ ዓመተ ዓለም ከ7500 ጥቂት አልፏል። የዋሻው ዋና ንጣፍ ግን ወደ 40 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ነው ይላሉ መርማሪዎች። ተጠራጣሪው ይህን ሲሰማ መጽሐፉ ሐሰት ሆነ ይላል፤ አማኙም ፈጥኖ መርማሪዎቹ ዋሾች ናቸው ይላል። ሁለቱም ሳያስተውሉት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ቍጥሩ የመጽሐፉ ራሱ ፊደል ነው ብለው አምነዋልና።

እንደዚህ ግን አይደለም። 5500 የሚለው ቍጥር በኦሪት ተጽፎ አይገኝም። አንደኛው ምንጩ ለአዳም በስደቱ ጊዜ ተሰጠ የሚባለው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ነው፤ ሊቃውንት የዳዊትን መዝሙርና የጴጥሮስን መልእክት አስረጅ አድርገው አንዱን ቀን ሺህ ዓመት ብለው ተረጐሙት። ሁለተኛው ምንጩ የአባቶች ዕድሜ ድምር ነው፤ ይህም ድምር እንደ ቅጂው ይለያያል። በሰባ ሊቃናት ትርጓሜ የቈጠረው ዩልዮስ አፍሪቃዊ በሦስተኛው መቶ ዓመት 5500 ሲያገኝ፥ በ1650 በዕብራይስጡ የቈጠረው የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ አሸር 4004 አገኘ። ልዩነቱ ወደ 1500 ዓመት ነው። እንግዲህ ቀን ማለት ሺህ ዓመት ነው ብሎ የጀመረ ሰው፥ በዚያው ምሥጢራዊ ንባብ ያገኘውን ቍጥር ሲይዝ ስለ ምን ፊደሉን እንደ ድንጋይ ያጠነክራል? በአክሲማሮስ የሚማር ደቀ መዝሙርም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ፀሐይ የተፈጠረችው በረቡዕ ከሆነ፥ እሑድ ሰኞና ማክሰኞ በምን ተለኩ? አርጌንስና አውግስጢኖስ ዋሻ ሳይቈፍሩ ይህን አንሥተው ነበር።

ተጠራጣሪውም ቢሆን ከትርጓሜ ነጻ አይደለም። ዋሻው አስቀድሞ በባልጩት ፍርፋሪ ሲለካ ዕድሜው ከ60 ሺህ በላይ ተብሎ ነበር፤ ኋላ በሌላ መለኪያ ወደ 40 ሺህ ወረደ። ድንጋይም እንደ ብራና ይነበባል፥ አንባቢውም ይሳሳታል፥ ይታረማልም። (መታረሙን ለነቀፋ የሚያነሣ አማኝ የራሱን መጻሕፍት ኅዳግ ይመልከት።) ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቀዩ አፈር ነው። ከዋሻው 40 ኪሎ የሚመዝን፥ ቍጥሩ 4213 የሆነ የቀይና የብጫ ቀለም ድንጋይ ተገኝቷል፤ የተፈጨበትም መሣሪያ አብሮ አለ። ለምን ተፈጨ? ቍርበት ለማልፋት ነው የሚሉ አሉ፤ ድንጋይን ከእንጨት ለማጣበቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ገላን ለማስጌጥ፥ ምልክት ለማድረግ ነው የሚሉም አሉ። ግማሽ ገጹ በቀለም የተነከረ አንድ ክብ ጠጠር ደግሞ እንደ ማኅተም በለስላሳ ነገር ላይ ይታተም ነበር ተብሎ ታስቧል። ሊቃውንቱ ቀለሙን እስከ ሚዛኑ ያውቁታል፤ ምሥጢሩን ግን «አንድም» እያሉ ይከራከሩበታል። ምልክት ከምልክት አድራጊው ተለይቶ ሲገኝ መስቀል እንኳ ሁለት የተሻገሩ መሥመሮች ነው።

ይሁን እንጂ በትርጓሜ ስም ሁሉን ማላላት አይገባም። በቅኔ ቤት ሰም ለወርቅ ተብሎ ይሠራል፤ ሆኖም ሰሙ ቅርጽ ከሌለው ወርቁ የት ይፈስሳል? ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ክርስቶስን ከአዳም ጋር ፊት ለፊት አቁሞ ያስተያያል፤ በአንዱ ሞት ገባ፥ በአንዱ ሕይወት ተሰጠ የሚለው ምሥጢር አዳምን ምሳሌ ብቻ ቢያደርጉት ይላላል። የቴያር ጭንቅ ከዚህ ላይ ነበረ፥ በዘመን ቍጥር ላይ አልነበረም። እርሱ ፍጥረት ሁሉ ከዝቅታ ወደ ክርስቶስ የሚያድግ ነው ብሎ ሲያስተምር፥ የበደል ነገር ከልክ በላይ ቀጥኖበታል፤ ይህም በእርሱ ላይ የሚነሣ ተገቢ ነቀፋ ነው። የሮሙ ፓፓ ፒዮስ 12ኛም በ1950 ባወጡት መልእክት፥ የሰው ሥጋ ከቀድሞ ፍጥረት ስለ መምጣቱ መመርመርን ሳይከለክሉ፥ የሰው ዘር ከብዙ አባቶች ነው የሚለው አሳብ ከጥንተ አብሶ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚስማማ አይታይም አሉ። የክርክሩ ቋጠሮ እርሱ ነው፤ 40 ሺህም 7 ሺህም ቢሆን አይፈታውም።

ቴያር፥ ብረይና ቬርኔር ስለ ሐረርጌ የድንጋይ ዘመን በአንድነት የጻፉት በ1951 ታተመ። ስለ ሃይማኖት የጻፋቸውን መጻሕፍት ግን ቴያር በሕይወቱ ሳለ እንዲያሳትም አልተፈቀደለትም። በ1955 በትንሣኤ ዕለት በኒውዮርክ ሞተ፤ መጻሕፍቱም ከሞቱ በኋላ ወጡ። በ1962 ከሮም በጽሑፎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፤ ማስጠንቀቂያውም በፍልስፍናና በነገረ መለኰት ስሕተት እንዳለባቸው ሲናገር፥ የፍጥረት ምርመራን በሚመለከተው ነገር ላይ ግን ፍርድ እንደማይሰጥ አስቀድሞ ገልጾ ነበር።