አየር በደም ሥር ውስጥ፦ የአንድ የቀዶ ሕክምና አደጋ ታሪክ

አየር በሳንባ በኩል ሲገባ ሕይወት ነው፤ በተከፈተ ደም መላሽ ሥር በኩል ሲገባ ግን ልብን ሊያቆም ይችላል። የአየር ኤምቦሊዝም የሚባለው ይህ አደጋ በብዙ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሊደርስ የሚችል ቢሆንም፣ ባለሙያዎችን በተለይ ሲያሳስብ የኖረው በሽተኛው ተቀምጦ በሚደረግለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በሽተኛው ሲቀመጥ ራሱ ከልቡ በላይ ስለሚሆን፣ በራሱ አካባቢ ባሉት ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በታች ሊወርድ ይችላል። ለስላሳ የሆነ ሥር በዚህ ጊዜ ተጣብቆ ይዘጋል። በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የሚያልፉትና በአንጎል ጠንካራ ሽፋን ውስጥ የተዘረጉት ሰፋፊ የደም መውረጃዎች ግን ግድግዳቸው ተወጥሮ የተያዘ በመሆኑ አይጣበቁም፤ ከተቆረጡ አየር ይስባሉ። አየሩ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይወርድና ወደ ሳንባ የሚሄደውን የደም መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ ልብ ደምን በመግፋት ፈንታ አረፋን ይጨምቃል፤ የደም ግፊትም ይወድቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ትውልዳቸው ስዊስ የሆነው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኒኮላስ ሴን ስለዚህ አደጋ በእንስሳት ላይ ያካሄዱትን ሰፊ ምርመራ አሳተሙ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ1913 ደግሞ ፈረንሳዊው ዶክተር ቴየሪ ደ ማርቴል ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት እየተጠቀሙ፣ በሽተኛውን አስቀምጠው የአንጎል ዕጢ ማውጣት ጀመሩ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ደሙና የአንጎሉ ፈሳሽ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ስለሚወርዱ፣ በራስ ቅል የኋላ ክፍል በጥልቀት የሚሠራው ሐኪም የሚቆርጠውን አጥርቶ ያያል። ሆኖም ደሙን ከሐኪሙ ዓይን የሚያርቀው ያው የስበት ኃይል አየሩንም ወደ ልብ የሚስበው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይህን ጥቅምና ይህን ጉዳት ለማስታረቅ የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው።

ለረጅም ጊዜ የአደጋው ምልክት በልብ ማዳመጫ የሚሰማ፣ የውሃ ወፍጮ መዘውርን የሚመስል ድምፅ ነበር። ይህ ድምፅ የሚሰማው ግን ብዙ አየር ከገባ በኋላ በመሆኑ፣ ሲያስጠነቅቅ ጊዜው አልፏል። በ1947 ዶክተር ቶማስ ዱራንትና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አካሉን በግራ ጎን ማስተኛት አየሩን ከልብ መውጫ ዘወር እንደሚያደርገው ገለጹ። ምክሩ በሰፊው ተሠራበት። ነገር ግን ራሱ በብረት መቆንጠጫ የተያዘን፣ አንጎሉም የተገለጠን በሽተኛ በቅጽበት ማገላበጥ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ በ1990ዎቹ በውሾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የማገላበጡን ጥቅም አላረጋገጡም።

ስለሆነም በሽተኛውን ወደ መፍትሔው ከማዞር ይልቅ መፍትሔውን ወደ በሽተኛው ልብ ማስገባት ታሰበ። በ1966 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ጆን ማይክንፌልደርና ጓደኞቻቸው፣ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ቀጭን ካቴተር እስከ ቀኙ የልብ ክፍል ድረስ አስገብቶ አየሩን በመርፌ መሳብ እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ ለማደንዘዣ የሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ የገባውን አየር እንደሚያሳብጠው አረጋገጠ፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ከናይትሮጅን 34 ጊዜ ያህል ይበልጥ የሚሟሟ በመሆኑ ወደ አረፋው በፍጥነት ይገባል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1968 ነው። ዶክተር ጆሴፍ ማሩንና ባልደረቦቻቸው በደረት ላይ የሚቀመጥ የዶፕለር አልትራሳውንድ መሣሪያ እጅግ ጥቂት አየር እንኳ ወደ ልብ ሲገባ በድምፁ መለወጥ እንደሚያስታውቅ አስረዱ። በሽተኛው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካትም ተጨማሪ ምስክር ሆነ፤ የሳንባው መንገድ ሲዘጋ ልኩ በድንገት ይወርዳልና። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ አየሩን ፈጥኖ የሚለየው በምግብ ቧንቧ በኩል ገብቶ ልብን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው።

ይሁን እንጂ እውቀት ሲጨምር ቀድሞ የታመነው ሁሉ እንደታመነ አልቀረም። በ1984 በ965 የሰው ልቦች ላይ የተደረገ የአስከሬን ምርመራ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል የሚያሻግረው የፅንስ ዘመን ቀዳዳ በ27.3 በመቶው ሳይደፈን መቅረቱን አሳየ። በዚህ ቀዳዳ የተሻገረ አየር ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ ደም ቅዳዎች ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ እንደ መከላከያ ይመከር የነበረው፣ በትንፋሽ መጨረሻ በሳንባ ውስጥ ግፊት የማቆየት ዘዴም ይህን መሻገር ሊያግዝ እንደሚችል ስለታወቀ በጥርጣሬ መታየት ጀመረ።

መሣሪያው ሁሉ ከተሟላ በኋላም አደጋው ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ቃል ነው። ማደንዘዣ ሰጪው አየር መግባቱን ለቀዶ ሐኪሙ ይነግራል። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥለቀልቃል፤ የአጥንቱን ጠርዝ በአጥንት ሰም ይደፍናል፤ የተከፈተውን ሥር ፈልጎ ይዘጋል። ማደንዘዣ ሰጪው ናይትረስ ኦክሳይዱን አቁሞ ንጹሕ ኦክሲጅን ይሰጣል፤ በካቴተሩ አየሩን ይስባል፤ የደም ግፊቱን በመድኃኒት ይደግፋል። እንደ አስፈላጊነቱም የአንገት ደም መላሽ ሥሮች ይጫናሉ፤ የበሽተኛው ራስ ዝቅ ይደረጋል። በካቴተሩ የሚወጣው አየር ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዶፕለሩም ይሰማል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። በሽተኛውን የሚያድነው ድምፁን በሰማው ጆሮና ቀዳዳውን በሚደፍነው እጅ መካከል ያለው የጊዜ ማጠር ነው።

በዚህም የተነሣ ብዙ የሕክምና ተቋሞች በሽተኛውን ማስቀመጥ ትተው በደረቱ ወይም በጎኑ ማስተኛትን መርጠዋል፤ ሌሎች ደግሞ የልቡን ቀዳዳ አስቀድመው እየመረመሩ በማስቀመጡ ቀጥለዋል። ማስተኛት ግን አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በጀርባቸው ተኝተው የራስ ቅላቸው በሚስተካከልላቸው ሕፃናትም ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ዶፕለሩና ካቴተሩ በሌሉበት ሆስፒታል በሽተኛው ይቀመጥ ወይስ ይተኛ የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙና ማደንዘዣ ሰጪው ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት አብረው ሊመልሱት የሚገባ የሕይወት ጥያቄ ነው።