ቂሳርያና ላሊበላ፦ ድንጋዩና ነዋሪው



ከምኖርባት ከሐደራ ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ ሲሉ ቂሳርያ ትገኛለች። ሄሮድስ ያሠራት የወደብ ከተማ፣ ጳውሎስ ሁለት ዓመት የታሰረባት። ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣብን ይዘን የምንሄደው እዚያ ነው። እንግዳው የጥንቱን ቴአትር ያያል፣ በ1961 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም እንዲሁ) የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ መገኘቱን ይሰማል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል።

ወደቡ አጠገብ ግን አንድ መስጊድ አለ። የሠሩት ቦስንያውያን ናቸው። በ1878 አገራቸው በኦስትሪያ እጅ ስትወድቅ ተሰደዱ፤ የቱርክ መንግሥትም በ1880ዎቹ በዚህ ፍርስራሽ መሐል አሰፈራቸው። እነርሱም እንደኛው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ! በጥንቱ ድንጋይ ቤት ሠርተው ኖሩ። በ1948 ጦርነት ጊዜ አብዛኛው ፈርቶ ሸሸ፣ የቀረውም ተባረረ፣ ቤቶቹ ፈረሱ። የጣልያን አርኪዮሎጂስቶች ቁፋሮ የጀመሩት በ1959 ነው። መንደሩን ያጠፋው ጦርነቱ እንጂ ቁፋሮው አይደለም። ቢሆንም ቆፋሪዎቹ ሲመጡ «ቤቴን አትንኩ» የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ላሊበላ ላይ ግን ሰው ነበረ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዙሪያቸው ቀሳውስት፣ ዲያቆናት፣ ባልቴቶች፣ ጠላ ጠማቂዎች በጎጆና ባለ ፎቅ በሆኑ ክብ የድንጋይ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ኋላ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ የቱሪዝም ፕሮጀክት፣ ቅርሱ እንዳይጎዳ ተብሎ ብዙዎቹ ካሳ እየተሰጣቸው ከቦታው ተነሡ። የመጸዳጃውና የፍሳሹ ነገር አሳሳቢ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ለማሕሌት በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ወዲያው ቅጽሩ ውስጥ ይገባ ለነበረ ሽማግሌ፣ የዚያ ቅርበት ካሳ ስንት ነው? ከክቦቹ ቤቶች አንዳንዶቹ እነርሱም ቅርስ ናቸው ተብለው ተጠብቀዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን ተነሥተዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ቤቱን ቅርስ ያደረገው መኖሪያነቱ አልነበረምን?

ዝናቡ ድንጋዩን ስለሚበላው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተሠርተው በ2008 ተጠናቀቁ። ለጊዜው የተባሉ ነበሩ፤ ዓመታት አለፉ፣ መጠለያዎቹ ግን እዚያው ቆሙ። ሕዝቡ የብረቱ ክብደት አስፈራው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር «ዛሬ ወደቀ፣ ነገ ወደቀ» ማለት ሆነ። በኦክቶበር 2018 ነዋሪው አደባባይ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ሊፈርስብን ነው ሲል ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩ የዓለም ወሬ የሆነው፤ በማርች 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ።

ለቅርሱ ያሰጋል ተብሎ ከቅጥሩ ሥር የተነሣውም፣ ለቅርሱ የጮኸውም የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው።