በተሽከርካሪ መለዋወጫ ንግድ የሻጭ ግዴታና የገዢ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የተሽከርካሪ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የመስጠት፣ ዋጋውን በግልጽ የማሳየትና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ተጥሎበታል።

ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃውን በመመለስ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀናት ውስጥ መጠየቅ እንደሚችልም በአዋጁ ተደንግጓል። ጊዜው የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ነው። በመሆኑም ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው መቱ፣ እንዲሁም በጎሬና በያዮ የሚኖር ገዢ ከመዲናዋ ያስመጣውን የፍሬን ሸራ እንደደረሰው ሊያስፈትሸው ይገባል።

አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው።