የቁልፎች ዜና መዋዕል

የኮምፒዩተርን ታሪክ ስናነብ በብዛት የምናገኘው የፍጥነትን ታሪክ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን የመቆሙ ታሪክ ነው፤ ማሽኑ ሳይሰበርና ሳይቃጠል እንዲሁ ደርቆ የሚቀርበት ሰዓት።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ይህን ችግር ለተማሪዎቹ የፈተና ጥያቄ አድርጎ አቀረበው። ቶኒ ሆር ደግሞ ወደ ማዕድ አመጣው፦ አምስት ፈላስፎች ክብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አምስት ሹካ አለ፤ ለመብላት ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ያስፈልገዋል። ሁሉም የግራውን አንሥቶ የቀኙን ቢጠብቅ፣ ምግብ ሞልቶ ሳለ ሁሉም ይራባል። ክፉ ያሰበ የለም፤ መጠባበቁ ግን ክብ ሠርቷል።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስም ይኸው ዕጣ ገጠመው። በ1996 ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ማስተናገድ ሲጀምር፣ ሥራዎች እርስ በርስ እንዳይበላሹ የስርዓተ ክወናውን እምብርት የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር። ፍጥነት ሲፈለግ ቁልፎቹ በዙ። አንዱ ሥራ «ሀ»ን ይዞ «ለ»ን ሲጠብቅ፣ ሌላው «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ከጠበቀ ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ። ይህም የሚሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ሺህ ጊዜ በሰላም አልፎ አንድ ቀን ይደርቃል። ስሕተት አራሚው እንደገና ቢሞክረው አይደገምለትም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሃንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናር ከአርያን ቫን ደ ቬን ጋር ሎክዴፕ የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። መሣሪያው አደጋውን አይጠብቅም፤ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደተያዘ ይመዘግባል። ጠዋት አንዱ ሥራ ከ«ሀ» ወደ «ለ» ቢሄድ፣ ማታ ሌላው ከ«ለ» ወደ «ሀ» ቢመጣ፣ ሁለቱ ከቶ ባይገናኙም መዝገቡ ላይ ክቡ ይገጥማል፤ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጻፋል። ቁልፎችንም የሚመዘግበው በየወገናቸው ነውና፣ በአንዱ ያየውን ሥርዓት በመሰሎቹ ሁሉ ላይ ይፈርዳል። እርግጥ፣ አንድም ጊዜ ያልተሄደበትን መንገድ አያውቅም፤ መዝገብ መያዙም ሥራን ስለሚያዘገይ በአብዛኛው የሚሠራው በሙከራ ማሽኖች ላይ ነው።

«ነበር ባይሰበር» ይላል ያገራችን ሰው። ዜና መዋዕላችን የሚደምቀው በጦርነቱ ቀን ነው፤ ጸጥታ የሰፈነበት ዓመት በአንድ መስመር ያልፋል። ይህ የቁልፎች ጸሐፊ ግን የሰላሙን ቀን ተራ ውሎ በትዕግሥት ይመዘግባል፤ ገና ያልተነሣውንም ጠብ ከዚያው ያነበዋል።