ሚያዝያ 27 የማን ቀን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ዘንዘልማ ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ባንክ ተዘግቶ ያገኘ አንድ ወጣት አጠገባችን ተቀመጠ። «ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው?»

«የድል በዓል» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«አድዋ የካቲት ላይ አልፎ የለም እንዴ፣ አባባ?»

በልጁ አልፈርድም፤ ቀኑ ራሱ ብዙ ተንከራቷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት የሐዘን ቀን ነው። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመልሰው ገቡ። አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ! ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ጃንሆይ ግን ያን ጊዜ ገና ደብረ ማርቆስ ናቸው። ጠላት የፎከረበትን ቀን የእኛ መፎከሪያ አደረጉት።

ደርግ መጣና የንጉሥ መግቢያ በዓል አይሆንም ብሎ ድሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

መንግሥታት በቀኑ ሲጓተቱ የቀኑ ባለቤት ተዘነጋ። አምስቱን ዓመት ጫካ ለጫካ የተዋጋው አርበኛ ቤተ መንግሥት የሚገባበት ቀን አልነበረውም። ጃንሆይም ቢሆኑ በኦሜድላ ገብተው አዲስ አበባ የደረሱት ይኸው አርበኛ በከፈተው በጎጃም መንገድ ነው።

ሽማግሌው ይህንኑ በራሳቸው አነጋገር ሲያስረዱት ቆዩ። ሒሳቤን ከፍዬ ስነሣ ወጣቱ ወንበሩን አስጠግቶ ሲጠይቃቸው ሰማሁ፦ «ባሕር ዳርም ጣሊያን ሰፍሮ ነበር እንዴ?»